ዞኮሎ በራስ እጅ መቀየር፦ ገንዘቡ የሚተርፈው የት ላይ ነው?

ዞኮሎ የግድግዳው ግርጌ ላይ ዙሪያውን የሚሄደው ዝርግ እንጨት ነው። የወንበር እግር ይመታዋል፣ የመወልወያ ውሃ ይጠጣል። እኔ አዲስ አበባ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ የሁለት ክፍል ቀይሬያለሁ። ባለሙያ ጠርቼ ዋጋ ስጠይቅ ከነዕቃው ነገረኝ። «የእጅ ዋጋውን ለይልኝ» ስለው ከዕቃው በልጦ ተገኘ። እናንተም ሁልጊዜ ለይታችሁ ጠይቁ። ራሳችሁ ስትሠሩ የሚተርፋችሁ የእጅ ዋጋው ብቻ ነው፤ እሱንም የተበላሸ እንጨት ሊበላው ይችላል።

ልኬት። 4 በ3.5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው። የ90 ሳንቲ ሜትር በር ቀንሱ፣ ለብክነት 10 በመቶ ጨምሩ። 15.5 ሜትር ገደማ ይመጣል።

ተቆርጦ የተዘጋጀውን በሜትር ከመግዛታችሁ በፊት የሙሉ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ዋጋ አጣሩ። አንዱ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። እንጨት ቤት ወስዳችሁ በ8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብታስሰነጥቁት፣ መጋዙ የሚበላው ተቀንሶ 14 ቁራጭ ይወጣዋል። ይህ 34 ሜትር ነው፤ ሁለት ክፍል ይሸፍናል። ውፍረቱ 12 ሚሊ የሆነው ይበቃል።

ኤምዲኤፍ ግን ውሃ አይወድም። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል ፊቱን ብቻ ቀብቼ ገጠምኩት። ወለሉ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ የታችኛው ጠርዝ እንደ ነከሩት ዳቦ አበጠ። በር አጠገብ ያለውን ነቅዬ ጣልኩት። ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት ጀርባውንም፣ በተለይ የታችኛውን ጠርዝ ሁለቴ የዘይት ቀለም አጠጡት።

አሮጌውን ስትነቅሉ መጀመሪያ የላይኛውን የቀለም መስመር በከተር ቅደዱ። ካልሆነ የግድግዳው ቻክ (ልስኑ ላይ የሚቀባው ነጭ ማለስለሻ) አብሮ ይመጣል።

አሁን ማዕዘን። ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሁሉንም ማዕዘን በ45 ዲግሪ ቆርጬ ነበር፤ አንዱም አልገጠመም። ልስንና ቻክ ማዕዘን ላይ ስለሚወፍር ግድግዳው ትክክለኛ 90 ዲግሪ አይሆንም። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) አስገብታችሁ እዩት፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሁለት ሙሉ ቁራጭ እንጨት እንዲሁ አለቀ።

ለውስጥ ማዕዘን 45 አያስፈልግም። ጠርዙ ዝርግ ከሆነ አንዱን እስከ ግድግዳው ድረስ ስደዱት። ሁለተኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ፊቱ ላይ ግጠሙት። አበቃ። ቅርጽ ያለው ዞኮሎ ለጀማሪ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የውጭው ማዕዘን ይለያል። ትርፍ ቁራጭ አንዱ ግድግዳ ላይ አስጠጉና ከማዕዘኑ አሳልፋችሁ በፊቱ በኩል ወለሉ ላይ በእርሳስ አስምሩ። በሌላው ግድግዳም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ የዞኮሎው የውጭ ጫፍ ነው። ከዚያ ዋናውን እንጨት በቦታው አቁሙት። የላይኛው ጠርዙ ላይ፣ ከጀርባ የግድግዳው ማዕዘን የደረሰበትን፣ ከፊት ደግሞ የወለሉ ነጥብ ያለበትን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን አገናኙ። የሚቆረጠው በዚያ መስመር ነው፣ ዲግሪው ስንትም ይሁን። ሁልጊዜ አንድ ሚሊ አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ ትርፉ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ ያጠረ ግን አይመለስም።

ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የእጅ መጋዝ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። በግራይንደር አትቁረጡ። ጠርዙን ያቃጥለዋል፣ እጅም ያጠፋል። ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ብሎኬት ግድግዳ ምስማር አይዝም። በ6 ሚሊ የድሪል ፑንታ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቦርቡሩ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ ሶኪያ) አስገቡ፣ በብሎን እሰሩ። ከሶኬት ቀጥታ በታች ግን አትቦርቡሩ፤ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ድሪል ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ለአንድ ክፍል ብሎ ድሪል መግዛት የተረፈውን የእጅ ዋጋ መልሶ ይወስደዋል። የምትቀይሩት አንድ ክፍል ብቻ ከሆነና የሚያውሳችሁ ካጣችሁ፣ ባለሙያ ብትጠሩ ይሻላል። የሴራሚክ ዞኮሎም ለባለሙያው ይተው።

እንጨቱን ከወለሉ 2 ሚሊ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የብሎኑን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኑ፣ ሞርዱ፣ ቀቡ። የታችኛውን ክፍተት በሲሊኮን የምትዘጉት ከቀለም በኋላ ነው፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም። ከዚያ 24 ሰዓት ወለሉን በውሃ አትጠቡ።