የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከልክ በላይ ሲሸፍን፦ ችግርና መፍትሄ

መስታወት ፊት ይቁሙና በኋላ ጥርሶችዎ ግጥም አድርገው ይንከሱ። አገጭዎን ወደ ፊት አይግፉ፤ ከገፉት የሚያዩት ትክክለኛ ንክሻዎን አይደለም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ ሲሶ ያህል፣ ቢሸፍኑ ደህና ነው። ወደ ፊት ያገጠጠው ሌላ ጉዳይ ነው፤ «ገጣጣ» የምንለው እሱን ነው። ሁለቱ አንድ አፍ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

የታችኞቹ ጨርሶ የማይታዩ ከሆነና ላንቃ የሚቆስል ከሆነ፦ የፊት ጥርሶች የሚያቆማቸው አጥተው ከልክ በላይ ወጥተዋል፣ ወይም መንጋጋ ጥርሶች ተነቅለው ንክሻው ወርዷል። በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ቁስሉን እንጂ ምክንያቱን አያክምም። ሐኪሙ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ትንሽ ጉብታ በጥርስ መሙያ ይሠራል። የታችኞቹ እዚያ ላይ ሲያርፉ ከኋላ ባሉት ጥርሶች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ መንጋጋ ጥርሶቹም ቀስ በቀስ ወጥተው ይገናኛሉ። እስከዚያ ማኘክ ያስቸግራል፣ ፍትፍት ይሻላል።

የልጁ አገጭ ወደ ኋላ ከገባ፦ የታችኛው መንጋጋ በእድገት ቀርቷል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ግድም (ሴቶች ይቀድማሉ) እንደ ትዊን ብሎክ ያለ ተነቃይ መሣሪያ ከ9 እስከ 12 ወር ይደረጋል። እድገት ካበቃ በኋላ ያለው ምርጫ ጥርሶቹን ብቻ በብሬስ (ጥርስ ላይ በሚታሰር ማስተካከያ ሽቦ) ማስተካከል፣ ልዩነቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ነው።

ብሬስ ታስሮ ወራት አልፎ ለውጥ ከሌለ፦ መጀመሪያ ላስቲኩን ይጠርጥሩ። ከላይኛው ክራንቻ ወደ ታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ የሚዘረጋው ላስቲክ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መደረግ አለበት፤ ለምግብና ለቡርሽ ብቻ ይወልቃል። አፍ ውስጥ ስለሚላላ በየቀኑ ይቀየራል። ማታ ማታ ብቻ ማድረግ ጥርሱን ወዲያና ወዲህ ከማመላለስ አያልፍም። ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት ደርቦ ማድረግ ደግሞ ሥሩን ይጎዳል። ሌላው ጥፋተኛ ቆሎና ሸንኮራ ነው፦ ከጥርሱ ላይ የተለጠፈችው ብረት በጣት ሲነኳት በሽቦው ላይ ከተንሸራተተች ተላቃለች፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ።

ብሬስ ከወለቀ በኋላ ችግሩ ከተመለሰ፦ ሪቴይነሩ (የተስተካከሉትን ጥርሶች በቦታቸው የሚይዘው ተነቃይ መሣሪያ) ተትቷል። ጥቂት ቀን ተዘሎ ቢጠብቅ እንኳ ከገባ በየሌሊቱ ያድርጉት። ጨርሶ ካልገባ አይጫኑት፣ አዲስ ያሠሩ። በፈላ ውሃም አይጠቡት፤ ይጣመማል።