አርኬድ ሳጥን ስትሠሩ ሽቦው ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ቤቱ ውስጥ የድሮ ጌም መጫወቻ አርኬድ ሳጥን ለመሥራት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ እንጨቱ ነው። ስለ ልኩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚያዘነብል። እንጨት ግን ሲበላሽ ይታያል። ሽቦ ሲበላሽ አይታይም። ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ፓነሉ በብሎን ታስሮ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው አንዱ «ኧረ ይሄ በተን አይሠራም» የሚለው።

ያኔ ጥፋቱ ሁሉ በተኖቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ቦርድ ላይ ይለጠፋል። ሌላ ቦርድ ይፈለጋል፤ አገር ቤት ለሆነ ሰው ደግሞ ይሄ ማለት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሻንጣው ውስጥ እስኪይዝለት መጠበቅ ነው። አዲሱ መጥቶ ሲገጠም ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። ቦርዱ ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነበር። ስለዚህ ቦርድ ከመቀየራችሁ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ እዩልኝ።

የማወራው በብዛት ስለሚሠራበት ዓይነት ነው። ኮምፒውተር ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሹ ኮምፒውተር አለ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ኢንኮደር የሚባል ትንሽ ቦርድ አለ፣ ጆይስቲክና በተኖቹ ከዚያ ቦርድ ጋር ይገናኛሉ። በእጃችሁ ቴስተር ይኑር። ርካሹም ይበቃል፣ ሲነካካ «ጢጥ» የሚል ድምፅ እስካለው ድረስ።

የማይክሮስዊቹን እግር መሳሳት

ብዙ በተኖች ከሥራቸው ማይክሮስዊች አላቸው፣ ማይክሮስዊቹ ደግሞ ሦስት እግር አለው። አንዱ ኮም ነው፣ የጋራው። ሁለተኛው ኤንኦ ነው፣ ካልተጫነ በስተቀር ክፍት የሆነው። ሦስተኛው ኤንሲ ነው፣ ሳይጫን የተገናኘው፣ ሲጫን የሚለያየው። እኛ የምንፈልገው ኮምንና ኤንኦን ብቻ ነው።

ሽቦው በስህተት ኤንሲ ላይ ከገባ በተኑ ማንም ሳይነካው ተጭኗል ማለት ነው። ሜኑው ብቻውን ይወርዳል፣ ተጫዋቹ ብቻውን ይተኩሳል፣ በተኑን ስትጫኑት ደግሞ ያቆማል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብሎ ሴቲንጉን ከመጀመሪያ ይሠራዋል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሠራው አይስተካከልም፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያየው እውነት ነው፣ የበተኑ ስዊች በእርግጥም ተገናኝቷል።

የእግሮቹ ቦታ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ስለሚለያይ በቦታ አትሸምድዱት። ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ጽሑፉ ካልተነበበ ቴስተሩን ሁለት እግሮች ላይ አድርጉ፤ ሳትጫኑ ዝም ካለ፣ ስትጫኑ ከጮኸ የምትፈልጓቸውን ሁለቱን አግኝታችኋል። እንደ ሳንዋ ያሉ የጃፓን በተኖች ግን ሁለት እግር ብቻ ነው ያላቸው፣ የትኛው ሽቦ የትኛው እግር ላይ ቢገባ ለውጥ የለውም። እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ጆይስቲኩን በዓይን ብቻ አይቶ መገመት

ይሄኛው ጥንቁቁንም ሰው ያሳስታል። ጆይስቲኩ ፓነሉ ላይ የሚዞርበት መሃል አለው፣ ስለዚህ እጀታውን ወደ ላይ ስትገፉት ከሥር ያለው ጫፍ ወደ ታች ይሄዳል። «ላይ» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጠው ስዊች የታችኛው ነው። «ቀኝ» የሚለውም የግራው ነው። እስቲ አሁን ፓነሉን ገልብጣችሁ ከሥር እዩት። በመገልበጡ ግራና ቀኙ ወይም ላይና ታቹ እንደገና ይዞራል፣ የትኛው እንደሚዞር ግን እንደ አገላበጣችሁ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ይህን ሁሉ ለማስላት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ፓነሉን በጎኑ አቁሙት፣ አንድ እጃችሁ እጀታውን ወደ ላይ ይግፋ፣ ዓይናችሁ ከሥር የትኛው ስዊች እንደተጫነ ይይ። ቀጭ ሲል ትሰሙታላችሁ። እዚያ ስዊች አጠገብ ወረቀት ለጥፉና «ላይ» ብላችሁ ጻፉበት። አራቱንም እንዲሁ። ሽቦ ማስገባት ከዚያ በኋላ ነው።

አቅጣጫው ተሳስቶ ሳለ «በሶፍትዌር አስተካክለዋለሁ» የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን አንዱ ፕሮግራም ላይ ያስተካከላችሁት ሌላው ላይ አይሠራም፣ አዲስ ነገር በጫናችሁ ቁጥር ያንኑ ትደግማላችሁ። ሽቦውን ማዛወር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

አንዳንድ ጆይስቲኮች፣ የሳንዋ ጄኤልኤፍ ለምሳሌ፣ ለእያንዳንዱ ስዊች ሁለት ሁለት ሽቦ አይፈልጉም፤ ባለ አምስት ሽቦ ገመድ ነው ያላቸው፣ አራቱ ለአቅጣጫ፣ አንዱ ግራውንድ፣ ማለትም ለሁሉም የጋራ የሆነው መመለሻ ሽቦ። ገመዱና ቦርዱ የተለያየ አምራች ከሆኑ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ አትመኑት። ግራውንዱ አንዱ ዳር ላይ መሆኑን፣ ያውም የትኛው ዳር እንደሆነ፣ በቴስተር አረጋግጡ። ጆይስቲኩን ደግሞ ሩብ ዙር አዙራችሁ ካሰራችሁት አራቱም አቅጣጫ አብሮ ይዞራል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽቦ ያልሆነ ግን ሽቦ የሚመስል። በ1980 የወጣው ፓክማን አራት አቅጣጫ ብቻ ላለው ጆይስቲክ የተሠራ ጨዋታ ነው። በባለ ስምንቱ ስትጫወቱት ማዕዘን ላይ ሁለት ስዊች አንድ ላይ ይነካና ፓክማን መታጠፊያውን ያልፋል። ሽቦው ምንም አልሆነም። ብዙ ጆይስቲኮች ከሥራቸው አቅጣጫ የሚገድብ ፕላስቲክ አላቸው፣ እሱን አዙሩ።

የግራውንድ ሰንሰለት

እያንዳንዱ በተን ሁለት ሽቦ ይፈልጋል። አንዱ ለራሱ ብቻ ወደ ቦርዱ የሚሄድ ነው። ሌላው ግራውንድ ነው፣ ይሄን ከበተን ወደ በተን እየቀጠሉ በአንድ መስመር መውሰድ ይቻላል። ሽቦ ይቆጥባል፣ ንጹሕም ነው። ችግሩ አንድ ቦታ ላይ ከላላ ነው፤ የሰፈር የውሃ ቧንቧ አንድ ቦታ ሲቆረጥ ከዚያ በታች ያለው ቤት ሁሉ እንደሚደርቀው ከላላው ቦታ ወዲያ ያሉት በተኖች ሁሉ ይሞታሉ።

ይህን ካወቃችሁ ብልሽቱን ማግኘት ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በተኖች ሠርተው ከአራተኛው ጀምሮ ዝም ካሉ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለችውን ሽቦ ሳቡ። የሰንሰለቱ መጨረሻ ያልሆነ አንድ በተን ብቻ ከሞተ ግን ግራውንዱን ተዉትና የራሱን ሽቦ ተከተሉ። ሁሉም ከሞቱ ከቦርዱ የሚወጣውን የመጀመሪያ ሽቦ እዩ።

ከዚያ የተሻለው ደግሞ የሰንሰለቱን መጨረሻ መልሶ ቦርዱ ግራውንድ ላይ መቋጨት ነው። ቀለበት ይሆናል፤ አንድ ቦታ ቢላላም ከሌላው በኩል ይደርሳል። ግን ቀለበቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ሁሉንም በተን ሞክሩ፣ ከተዘጋ በኋላ የላላውን ቦታ ይደብቅባችኋል።

የድሮ ኪቦርድ ፈትታችሁ ቦርዱን ለምትጠቀሙ ግን ይሄ አይሠራም። ኪቦርድ ውስጥ የጋራ ግራውንድ የለም፣ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ የተጠላለፉ ናቸው። የጋራ ካደረጋችሁት ይቃወሳል። ባታደርጉትም ብዙ በተን አብሮ ሲጫን የተጫነው ሊጠፋ ወይም ያልተጫነው እንደተጫነ ሊቆጠር ይችላል። ሁለት ሰው ለሚፋለምበት ጨዋታ ኢንኮደር ግዙ።

ልኩ ያልሆነ ተርሚናል

በተኑ እግር ላይ የሚሰካው ጫፍ ልክ አለው። የጃፓኖቹ ሳንዋና ሴይሚትሱ 2.8 ሚሊሜትር ናቸው። የአሜሪካኖቹ ዓይነት፣ ሃፕ የሚባሉት፣ 4.8 ናቸው። 6.3 የሆኑም ያጋጥማሉ። ሰፊውን ገዝቶ በፒንሳ ጨፍልቆ ጠባቡ እግር ላይ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ይይዛል፣ ከዚያ ልጆች በተኑን ሲደበድቡት ይላላል፣ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። ከሞተ በተን ይልቅ እንዲህ ዓይነቱ ነው ሰው የሚያሰለች፣ ስትፈትሹት ይሠራላችኋላ!

ተርሚናሉን ስትጨምቁ መዳቡ ራሱ መያዙን እዩ፣ ላስቲኩን ብቻ ነክሶ የቀረ ብዙ አለ። ከዚያ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ከወጣ አሁን ይውጣ።

ሽቦውን እግሩ ላይ በሊድ መበየድም አልመክርም። ሙቀቱ እግሩን የያዘውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ በተን ለመቀየርም እንደገና ካውያ ማሞቅ ነው።

የሽቦው ዓይነት

ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ የሆነውን፣ ብዙ ጊዜ ከኔትወርክ ኬብል የሚወጣውን፣ ተዉት። ፓነሉ በተመታ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ጫፉ ላይ ይሰበራል፣ ላስቲኩ ደህና ስለሆነም ከውጭ አይታይም። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ውሰዱ፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር። ከዚያ በላይ መወፈር ጥቅም የለውም። በዚህ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ወፍራሙ ሽቦ የሚያመጣው ነገር ቢኖር ተርሚናሉን በክብደቱ መሳብ ነው።

ግራውንዱ ሁሉ ጥቁር ይሁን። ርዝመቱን ደግሞ አትሰስቱ፤ ፓነሉ ሲከፈት ሽቦ ሳይነቀል ወደ ላይ ዞሮ መቀመጥ አለበት።

የመብራቱን ኤሌክትሪክ ከበተኑ ጋር ማደባለቅ

ቦርድ በእርግጥ የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። መብራት ያላቸው በተኖች አራት እግር አላቸው፣ ሁለቱ የስዊቹ፣ ሁለቱ የኤልኢዲው። ስዊቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የለውም፣ ኤልኢዲው አለው። ኤልኢዲው ባለ 5 ቮልት ወይም ባለ 12 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ሳታረጋግጡ አትስጡት። 12 ቮልቱ በስህተት የስዊቹ እግር ላይ ካረፈ ቀጥታ ቦርዱ ውስጥ ይገባል። በተኖቹን ራስፕቤሪ ፓይ ፒኖች ላይ በቀጥታ ያገናኘ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ እነዚያ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፣ 5 ቮልት እንኳ ይጎዳቸዋል።

የመብራቶቹንም ፍጆታ አስሉ። አንድ ኤልኢዲ 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ ሃያ በተን 400 ይሆናል፣ አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ደግሞ እንዲሰጥ የተመደበለት 500 ነው። ለመብራቱ የራሱን ባለ 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ስጡት።

የድሮ ኦሪጅናል የጌም ቦርድ ያላችሁ በጃማ ሶኬት ነው የምትሠሩት። ይሄ ከ1985 ጀምሮ ያለ መለኪያ ነው፣ ባለ 56 ፒን፣ የበተኑ ሽቦና 5 ቮልቱ፣ 12 ቮልቱ አንድ ሶኬት ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ገልብጦ መሰካት ቦርዱን መግደል ነው፣ ማብሪያውን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቴ እዩት። በዚያ ላይ ጃማ ለአንድ ተጫዋች የያዘው ሦስት በተን ነው። የ1991ዱ ስትሪት ፋይተር ሁለት ስድስት ስለሚፈልግ የእግር ምቶቹ በሌላ ተጨማሪ ገመድ ነው የሚመጡት። እነሱ ካልሠሩ ጃማውን አትነካኩ።

220 ቮልቱ ላይ ቀልድ የለም። የስክሪኑና የፓወር ሰፕላዩ ገመድ በአንዱ ጎን፣ የበተኑ ሽቦ በሌላው ጎን ይሂድ። ፓነላችሁ ላሜራ ከሆነ ኧርዝ ይታሰርለት፣ ልጆች ናቸው የሚነኩት። እንዴት እንደሚታሰር የማያውቅ ሰው ኤሌክትሪሻን ይጥራ። ሳጥኑ ተሰክቶ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም።

መጨረሻ ላይ ብቻ መሞከር

አንድ በተን አገናኙ፣ ሞክሩ፣ ቀጥሉ። ዊንዶውስ ላይ የጌም ኮንትሮለር መፈተሻ መስኮት አለ፣ ሊኑክስ ላይ ጄኤስቴስት አለ። በተኑን ስትጫኑ ቁጥሩ ይበራል። ጨዋታ ከፍቶ መሞከር አይበጅም፣ ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የሴቲንጉ አይለይላችሁም።

ሁለት አንድ ዓይነት ኢንኮደር ለሁለት ተጫዋች የገዛ ሰው ደግሞ ይህን ይጠብቅ፦ ኮምፒውተሩ ሁለቱን የሚያያቸው በአንድ ስም ነው፣ ሲጠፋና ሲበራ አንደኛውንና ሁለተኛውን ተጫዋች ሊያለዋውጣቸው ይችላል። ሽቦ አትፍቱ። ሁለቱንም ሁልጊዜ በየራሳቸው ቀዳዳ ሰኩ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ አንድና ሁለት ብላችሁ ጻፉ፣ ፕሮግራማችሁም ተጫዋቹን በቀዳዳው እንዲለይ አድርጉት። ገና ካልገዛችሁ ግን ሁለቱን ተጫዋች በአንድ ላይ የሚይዘውን ቦርድ ግዙ።