የመኪና ኮፋኖ እንዴት በጥንቃቄ ይከፈታል፣ እንዴትስ ይዘጋል?

መንጃ ፈቃድ ይዘው ለዓመታት ነድተው፣ የራሳቸውን መኪና ኮፋኖ ግን አንድ ቀን እንኳን በእጃቸው ከፍተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። ዘይቱን የሚያይላቸውም፣ ውሃውን የሚሞላላቸውም ሌላ ሰው ነው። ሥራው ግን ጉልበት አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተሉን ላወቀ ሰው ከባዱ ነገር መታገስ ነው። ጉዳት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጋለ ሞተር ላይ ተቻኩሎ ሲጎነበስ፣ ወይም ኮፋኖው በግዴለሽነት ሲዘጋ ነው።

በመጀመሪያ መኪናውን ያዘጋጁ

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ከቆመ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል ልኬቱ ያሳስታል። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ፣ በእጅ የሚቀየር ከሆነ ፎሌ ላይ ያድርጉት። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ይንቀሉና ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እርስዎ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሳለ ሌላ ሰው ጋቢና ገብቶ እንዳያስነሳው የሚከለክለው ኪስዎ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው። በአዝራር የሚነሳ መኪና፣ በተለይም ሃይብሪድ (በነዳጅ ሞተርም በባትሪም የሚሄድ) ከሆነ፣ ጥንቃቄው የበለጠ መጥበቅ አለበት። ሃይብሪድ መኪና ድምፁን አጥፍቶ በቆመበት የባትሪው ኃይል ሲቀንስ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ መኪናው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ከዳሽቦርዱ መብራቶች ሳያረጋግጡ አይውረዱ።

ረጅም ጸጉር ይታሰር፤ ሻሽና ክራባት ይውለቅ፤ ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል። ቀለበትና የብረት ሰዓት ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ጣት ላይ ያለ ቀለበት በአንድ በኩል የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ፣ በሌላ በኩል የመኪናውን አካል ከነካ ኤሌክትሪኩ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፤ ቀለበቱም ከጣት ሳይወጣ በቅጽበት ይግላል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ወደ ላይ ተነስተው ከቆሙ ወደ መስታወቱ ይመልሷቸው፤ አንዳንድ መኪና ላይ ኮፋኖው ሲነሳ ይመታቸዋል።

ከረጅም ጉዞ የመጣ ሞተር 30 ደቂቃ ያህል ይረፍ። የጠፋ ሞተር ሁሉ አርፏል ማለት አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የራዲያተር ማራገቢያ ሙቀቱን ለማውረድ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊዞር ይችላል። እጅዎን ወደ እሱ አያስጠጉ።

እንፋሎት ወይስ ጭስ?

ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ግሏል ማለት ነው። ያጥፉትና እንፋሎቱ እስኪቆም፣ ከዚያም እስኪቀዘቅዝ ርቀው ይጠብቁ። ጥቁር ጭስ፣ የሚቃጠል ላስቲክ ወይም ሽቦ ሽታ፣ ወይም ነበልባል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኮፋኖውን አይክፈቱ። ሲከፈት የሚገባው አየር እሳቱን ያቀጣጥለዋል፤ ነበልባሉም ወደ ከፋቹ ፊት ይወጣል። ሰዎቹን አስወርደው ይራቁ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።

የውስጡ መጎተቻ

መጀመሪያ የሚላቀቀው ከጋቢና ነው። መጎተቻው በአብዛኛው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በሾፌሩ ጉልበትና በበሩ መካከል ይገኛል፤ ኮፋኖዋ የተከፈተ መኪና የሚያሳይ ምልክት አለው። በአንዳንድ መኪኖች ግን በሌላው ተሳፋሪ በኩል ነው። ወንበሩ አጠገብ ካለው የነዳጅ ክዳን መክፈቻ ጋር አያምታቱት። ሲስቡት ከፊት ለፊት “ጧ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ኮፋኖውም ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብድግ ይላል።

ድምፁ ተሰምቶ ኮፋኖው ካልተነሳ ጉልበት አይጨምሩ። አንድ ሰው ጋቢና ተቀምጦ መጎተቻውን ስቦ ይያዝ፤ እርስዎ የኮፋኖውን የፊት ጠርዝ በመዳፍዎ ቀስ አድርገው ጫን፣ ለቀቅ ያድርጉት። ብዙ ጊዜ በዚህ ይላቀቃል። መጎተቻው ምንም ሳይከብድ ልል ብሎ ከመጣ ካቦ የሚባለው የብረት ገመድ ተበጥሶ ወይም ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል በፒንሳ ከመታገል ለመካኒክ መስጠት ይሻላል።

በጣት የሚፈለገው መቆለፊያ

ጀማሪን ሁሉ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ኮፋኖው ትንሽ ብድግ ብሎ ይቆማል እንጂ አይከፈትም፤ ሁለተኛ መቆለፊያ ይዞታልና። ይህ መቆለፊያ የተሠራው የመጀመሪያው በጉዞ ላይ ቢላቀቅ ኮፋኖው በነፋስ ተገልብጦ መስታወቱን እንዳይሸፍን ነው። በአሜሪካ ከፊት የሚከፈትና የሾፌሩን እይታ ሊሸፍን የሚችል ኮፋኖ ሁሉ እንዲህ ያለ ተጨማሪ መያዣ እንዲኖረው ሕግ የተደረገው ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ከኮፋኖው ፊት ለፊት ይቁሙና ጣቶችዎን በክፍተቱ ያስገቡ። መቆለፊያው መሐል ላይ ወይም ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። ጣትዎ አንዲት ቀጭን የብረት ወይም የፕላስቲክ ምላስ ሲነካ ያቁሙ። አንዳንዷ ወደ ጎን ትገፋለች፣ አንዳንዷ ወደ ላይ ትነሳለች። በጭፍን መዳሰሱ ካልተሳካ ጎንበስ ብለው በእጅ ባትሪ አብርተው ይዩት፤ አንዴ ያዩትን ሁለተኛ አይረሱትም። የማትነቃነቅ ከሆነ ኮፋኖው ወደ ላይ እየሳበ አጣብቋት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ እጅ ጠርዙን ትንሽ ወደ ታች ጫን እያሉ በሌላው ይግፏት።

ማንሳትና መደገፍ

ኮፋኖውን በሁለት እጅ ያንሱ። በጋዝ በሚሠሩ መያዣዎች የሚቆም ከሆነ ግማሽ ላይ ሲደርስ ራሱ ይነሳል፤ ነገር ግን መያዣዎቹ ያረጁ እንደሆነ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ለቀው ትንሽ ሳያዩት ጭንቅላትዎን አያስገቡ። አብዛኛው ኮፋኖ ግን በአንድ ቀጭን ዘንግ ነው የሚደገፈው። በአንድ እጅ ኮፋኖውን ይዘው በሌላው ዘንጉን ከተኛበት ያንሱት፤ ጫፉን ኮፋኖው ላይ ወደተዘጋጀለት ቀዳዳ በትክክል ይክተቱ። ሌላ ቦታ ላይ ማስደገፍ ያንሸራትታል። ሞተሩ አሁንም ሞቆ ከሆነ ዘንጉ ሊያቃጥል ስለሚችል በጨርቅ ይያዙት። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ኮፋኖውን ወደ ላይ ገፍቶ ዘንጉን ከቀዳዳው ያወጣዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን ወደ ነፋስ መከላከያ ቦታ ወስዶ መሥራት ያዋጣል።

ውስጥ ሲገቡ

ዘይት ለማየት ሞተሩ ከጠፋ 5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ያስገቡ፣ እንደገና ያውጡ፤ የሚነበበው ሁለተኛው ነው። ልኩ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሞቆ እያለ በፍጹም አይንኩ። ሥራ ላይ ያለ ሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። ታሽጎ ግፊት ውስጥ ስላለ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ይወርድና በቅጽበት ፈልቶ ወደ ፊትዎ ይፈናጠራል። መጠኑን ለማየት ክዳን መክፈት አያስፈልግም፤ ከጎኑ ያለው ከፊል ግልጽ የፕላስቲክ ጋን ከውጭ ያሳያል። ባትሪ አጠገብ ሲጋራም ክብሪትም አይታሰብም፤ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ነው። ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው ወፍራም ሽቦዎች ካዩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸውና አይነካኳቸው።

አዘጋጉ

ከመዝጋትዎ በፊት ሞተሩ ላይ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ የዘይት ክዳን አለመቅረቱን ይዩ። ጨርቅ የጋለ ብረት ላይ ሊቃጠል ወይም ማራገቢያው ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ዘንጉን ወደ መቀመጫው መልሰው በመያዣው ውስጥ ጠቅ እስኪል ያስገቡት።

ከዚያ ኮፋኖውን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ በእጅዎ ያውርዱትና ይልቀቁት፤ ክብደቱ ራሱ ይቆልፈዋል። የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ከፍታ ካለ እሱን ይከተሉ። ከቆመበት ከላይ ጀምሮ መወርወር መቆለፊያውን ይጎዳል፤ በሌላ በኩል አስተኝቶ በመዳፍ መጫን ላሜራውን ያጎደጉዳል። ይህን የማውቀው በራሴ መኪና ነው፤ አንድ ጊዜ ሁለት መዳፌን ጣል አድርጌ ጫንኩት። ፀሐይ በጎን ስትመታው ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ጎን ለጎን ይታያሉ፣ እስከ ዛሬ።

ከተቆለፈ በኋላ የፊት ጠርዙን በጣት ወደ ላይ ሞክሩት፤ ከተንቀሳቀሰ የያዘው ሁለተኛው መቆለፊያ ብቻ ነው፤ እንደገና ይክፈቱና ይዝጉት። በግራና በቀኝ ያለው ክፍተትም እኩል መሆን አለበት።

በጉዞ ላይ ሳለ ኮፋኖው ቢገለበጥ ፍሬን በድንገት አይያዙ። የአደጋ መብራት አብርተው በኮፋኖው ሥር ባለው ክፍተት ወይም በጎን መስኮት መንገዱን እያዩ ፍጥነትዎን ቀስ ብለው ይቀንሱና ጥግ ይያዙ። መቆለፊያው ዝጎ ወይም አቧራ ጠጥቶ እንዳይጣበቅ ደግሞ ዘይት በቀየሩ ቁጥር ሞላውንና ምላሱን በጨርቅ ጠርገው ትንሽ ግሪስ ያስነኩት፤ ትርፉን ይጥረጉ፤ አቧራ ይሰበስባልና።