ከድሬ ወደ ወታደራዊ ሕክምና ትምህርት የሚሄድን ልጅ እንዴት እናዘጋጅ?

ልጁ ተመርጧል፤ ቤተሰቡ የሚጨነቀው ለአናቶሚው፣ ለሰውነት ክፍሎች ትምህርቱ ነው። እኔ ግን ከቀኑ አዋዋል እጀምራለሁ። ድሬ ቀትር ላይ ጋደም ትላለች፤ ወታደር ቤት ግን ቀትር የለም። ስለዚህ ከመሄዱ ሁለት ወር አስቀድሞ ማታ 3 ሰዓት ይተኛ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳ። በርጫ፣ ጫት መቃም ከለመደ ዛሬውኑ ያቁም። ድብርቱና እንቅልፉ ቤቱ ይውጣለት እንጂ ሰልፍ ላይ አይያዘው።

ቀጥሎ እግር ነው። ከስክሱን፣ የወታደር ጫማውን፣ በወፍራም ካልሲ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ያድርገው፣ ከዚያ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ይሂድበት፣ በመጨረሻ ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎን ዳገት ይሞክር። ተረከዙ ቀላ ሲል ቶሎ ፕላስተር ይለጥፍበት። ውሃ ከቋጠረ አያፈንዳው፤ በሳሙና አጥቦ ይሸፍነው። ነገ እሱ የሚያክመው ወታደር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚሁ በእግር ሕመም ነውና በራሱ ላይ ይማረው።

ሹራብም ይያዝ። የመከላከያ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለበት ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ድሬ 1,200 አካባቢ።

ንባቡን ደግሞ በቁርጥራጭ ሰዓት ይልመድ። የእጅ አንጓን 8 አጥንቶች በትንሽ ወረቀት ጽፎ ኪሱ ይክተት፤ ባጃጅ ሲጠብቅ የራሱን እጅ እየዳሰሰ ይጥራቸው። አውራ ጣቱን ሲገትር ከስሩ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይወጣል። እዚያ ሲጫን የሚያገኘው ከስምንቱ አንዱ፣ ስካፎይድ የሚባለው አጥንት ነው። በመዳፉ ተደግፎ የወደቀ ሰው እዚያ ላይ ካመመው ይህ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የተያዘ ስም ከመጽሐፍ ብቻ ከተሸመደደው ይልቅ ይቆያል።

አነጋገር ለድሬ ልጅ ከባዱ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌውም «አንተ» ነው፣ ንቀት የለበትም። እዚያ ግን አለቃ በማዕረጉ ይጠራል፣ «እርስዎ» ይባላል። ከአባቱ ጋር በየማታው ይለማመደው፤ መጀመሪያ ሁለቱም ይስቃሉ፣ በሳምንቱ አፉ ይለምዳል።

ይህ ሁሉ ማዕረግ አክባሪነት ግን ቁስለኛ ፊት ሲቆም ሌላ ሕግ አለው። በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄኔቫ ስምምነት የሕክምና ተራን የሚወስነው አጣዳፊነት ብቻ ነው ይላል፤ ለራስ ወገንም፣ ለጠላትም። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት፦ እጁ የተጫረ ሻምበል፣ እግሩ የተሰበረ ተራ ወታደር፣ ጭኑ ደም የሚያፈስ ምርኮኛ አንድ ላይ ቢመጡብህ ከማን ትጀምራለህ? አታጣድፉት። መልሱን ከነምክንያቱ በራሱ አፍ ይናገር።