ቅቤ ያነጠረ ሰው ቅባት መሥራት አያቅተውም

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ኬሚስትሪን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አሥረኛ ክፍል ሲሆን ያኔም የምቀመጠው ከኋላ ነበር። ስለዚህ «ሳይንስ ሳልማር የቆዳ ቅባት መሥራት እችላለሁ ወይ?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው። አብሽሩ፣ ይቻላል። ግን ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ መጀመሪያው ደግሞ ክሬም አይደለም።

ደሴ ያደገ ሰው ቅቤ ሲነጠር አይቷል። ለጋው ሲሰነብት ይሸታል፣ የተነጠረው ግን ወራት ይቀመጣል። ለምን? ሲነጠር ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ አተላውም ይጠለላል። ሻጋታና ባክቴሪያ ውሃ በሌለበት መራባት አይችሉም። የቅባት ሥራ ትልቁ ጥያቄ ይኼው ነው፦ ውስጡ ውሃ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ሥራው ቀላል ነው። ካለ ሌላ ዓለም ውስጥ ገባችሁ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነበር ዘው ያልኩት። እሬት ቆርጬ፣ ልጡን ገፍፌ፣ ዝልግልጉን ከሰሊጥ ዘይት ጋር በመፍጫ መታሁትና ደስ የሚል ነጭ ክሬም ወጣኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። አንዱን ብልቃጥ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሰጠሁ። በዘጠነኛው ቀን ይዘውት መጡና ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ፤ «ልጄ፣ ይኼ ነገርሽ እኮ ጢም አበቀለ!» እውነትም አብቅሏል። የሚያስፈራው ግን እሱ አይደለም፣ የሚታይ ሻጋታ ይጣላል። ባክቴሪያው ሳይታይ ሳይሸት ፊት ላይ የሚቀባው ነው የሚያስፈራው።

እና የመጀመሪያ ሥራችሁ ዘይትና ሰም ብቻ ይሁን።

ሰሙን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ጠጅ የሚጥል ሰው ካወቃችሁ ሰፈፉን ጠይቁት፣ ገበያም አይጠፋም። ሰፈፍ ግን እንዳለ አይሠራበትም፣ መጣራት አለበት። ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጨምራችሁ በቀስታ አቅልጡት፣ በሻሽ አጥልሉት፣ ከዚያ ሳትነኩት አሳድሩት። ጠዋት ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ፣ ከሥሩ የተጣበቀውን እድፍ በቢላ ፋቁት። ንጹሕ እስኪሆን ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከዚያ በደንብ ይድረቅ፣ ምክንያቱም ውስጡ የተደበቀች የውሃ ጠብታ ያንን የእትዬን ጢም ትመልሳለች። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰም የቀለጠበት ድስት ወደ ወጥ አይመለስም። እኔ የእናቴን ድስት ነው ያበላሸሁት፣ እስካሁን ይነሳብኛል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ለሰም የተመደበ ድስት፣ ድስቱ ላይ የሚቀመጥ ጎድጓዳ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ክዳን ያለው ብልቃጥ። ከሁሉም በላይ ግን ሚዛን። በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ የምትሠሩ ከሆነ ዛሬ ያማረላችሁን ነገ አትደግሙትም። የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙና ሁሉንም ነገር በመቶኛ ጻፉ፣ ድምሩ ሁልጊዜ 100 ይሁን። ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው። የማይታረቅ ሒሳብ ካለ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

ለደሴ የምሠራው እንዲህ ነው። ለ100 ግራም፣ 60 ግራም የሰሊጥ ዘይት፣ 25 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 15 ግራም ሰም። ከኮኮናቱ ይልቅ ሺአ ቅቤ፣ ማለትም ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅባት፣ ካገኛችሁ እሰየው፣ ዛፉ እዚሁ አገራችን ጋምቤላ ይበቅላል። ሳህኑን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ላይ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ሰሙን፣ ቀጥሎ ዘይቱን አቅልጡ። እሳቱ ላይ በቀጥታ አትጣዱት፣ ዘይትና ሰም እሳት ሊይዙ ይችላሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። አትጨነቁ፣ ሰም የሚቀልጠው 63 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንዲያውም ይተርፈዋል።

ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። ሲረጋ በጣት ንኩት። ድንጋይ ከሆነ ዘይት ጨምሩ፣ ከላላ ሰም ጨምሩ፣ የጨመራችሁትንም መዝግቡ። ሺአው ሲረጋ አሸዋ አሸዋ ካለ የቀዘቀዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው፤ እንደገና አቅልጡና ቶሎ ይቀዝቅዝ።

ይኼው ቅባት ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሌላ ሰው ይሆናል። እህቴ ኮምቦልቻ ነው ያለችው፣ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፣ ግን ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቦታ ነው የምትወርዱት። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እኔ ጋ በጣት የማይፋቅ የነበረው ቅባት እሷ ቦርሳ ውስጥ ፈሶ መታወቂያዋን ቀባላት። ለቆላ ሰው ሰሙን 20፣ ኮኮናቱን ደግሞ 20 አድርጉት። ሌላው እንዳለ ይቆይ።

የዘይት ምርጫ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ ግን የኑግና የተልባ ዘይት ቶሎ እንደሚሻግቱ... ይቅርታ፣ መሻገት አይደለም፣ እንደሚመርሩ እወቁ። ሁለቱ ይለያያሉ። ሻጋታ ከውሃ ነው፤ መምረር ዘይቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ሰው «ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ፣ አይበላሽም» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። ቫይታሚን ኢ መምረሩን ያዘገያል እንጂ ባክቴሪያን አይገድልም።

ሽታ ከፈለጋችሁ አደስ አለ። ቅጠሉ ግን ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ቅጠል ውሃ ይዞ ይገባል። ዘይት ውስጥ ነክራችሁ በፈላ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት በለብታ አቆዩትና አጥልሉት። ወይባ የምንሞቅ፣ እንሶስላ የምናስር፣ ፀጉራችንን በአደስ ቅቤ የምንቀባ ሰዎች ለቆዳ እንግዳ አይደለንም። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም ይገባል፣ ግን ብርቱ ነው፣ በትንሹ ይሁን።

ሎሚን ግን ለሻይ ተዉት! ቲክቶክ ላይ ፊታቸውን በሎሚ የሚያሹትን አትከተሉ። አሲድነት የሚለካው በፒኤች ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። የሎሚ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፣ የቆዳችን 5 ገደማ። ልዩነቱ ሦስት ቁጥር ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሆነ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። በዚሁ ምክንያት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቤት ውስጥ አትሥሩ፤ መከላከል አለመከላከሉን ቤት ውስጥ መለካት አትችሉም። ቆዳ የሚያቀላ ነገርም አትንኩ።

ውሃ አልባው ከተሳካላችሁ፣ እኔ ስድስት ወር ጠብቄያለሁ፣ ወደ ክሬም ግቡ። ክሬም ውሃና ዘይት ሳይወዱ በግድ የተጋቡበት ነው፣ አስታራቂ ይፈልጋሉ። አስታራቂው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ ይባላል። የንብ ሰም አይተካውም፣ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘይቱንና ውሃውን ለየብቻ ወደ 70 ዲግሪ አሙቃችሁ ታዋህዳላችሁ፣ ከ40 በታች ሲወርድ መጠበቂያ፣ ማለትም ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ የሚከለክል ነገር፣ ትጨምራላችሁ፣ ለምሳሌ ፌኖክሲኢታኖል ከ1 በመቶ ሳይበልጥ። ያለ መጠበቂያ ክሬም አትሥሩ፣ ለራሳችሁም ቢሆን። ውሃው የተጣራ (ዲስቲልድ) ይሁን፣ ከፋርማሲ ጠይቁ። ጋራዥ ሰፈር «የባትሪ ውሃ» የሚባለው አሲድ ሊሆን ይችላልና እንዳትገዙ።

የምትማሩበት መጽሐፍ ደግሞ መታጠቢያ ቤታችሁ ነው። የሎሽናችሁን ጀርባ አንብቡ። ዝርዝሩ ብዙ ከገባው ወደ ትንሽ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ላይ አኳ ካላችሁ አብዛኛው ውሃ ነው ማለት ነው። ሦስት አራት ሎሽን ካነበባችሁ ስሞቹ መደጋገም ይጀምራሉ፣ ፍርሃቱም እዚያው ያልቃል።

አዲስ ነገር ስትሠሩ ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ብልቃጡ ላይ ቀኑንና የገባውን ጻፉ። «ኤግዚማ ያድናል» ብላችሁ ግን አትጻፉ፣ ያ መድኃኒት ነው፣ የታመመ ቆዳ ሐኪም ይየው። መሸጥ ካማራችሁም ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ እስካሁን ለዘመድና ለጎረቤት ብቻ ነው የምሰጠው። ባዶ ብልቃጤን እንዲመልሱልኝ ግን እለምናለሁ፤ ሰሙን በነፃ አገኛለሁ፣ ብልቃጡን ነው የምገዛው።