የጠፋው የሄሞግሎቢን ግማሽ

ሐዋሳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያታገለኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢንን፣ የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ንክኪዎች በኮምፒውተር እየቆጠርኩ ነበር፤ ከ4.5 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ ነው) በታች የተቀራረቡትን። ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለት አለው፤ ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ። አልፋ 1 እና ቤታ 2 የሚገናኙበት ግን ባዶ! ኦክስጅን ሲያዝና ሲለቀቅ ትልቁ እንቅስቃሴ እዚያ ነው። ባዶ ሊሆን አይችልም።

ኮዴን ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። የሄሞግሎቢን ቅርጽ የተመዘገበበት ፋይል፣ 1ኤችኤችኦ፣ የያዘው ሁለት ሰንሰለት ብቻ ነበር። የቀሩት ሁለቱ የሚገኙት በክሪስታሉ ሲሜትሪ፣ ማለትም ያሉትን ሁለቱን አዙሮ በመድገም ነው። ሙሉውን፣ ባለ 4 ሰንሰለቱን አወረድኩ። አሁንም ባዶ!

ለካ ሌላው ግማሽ ሁለተኛ ሞዴል (በፋይሉ ውስጥ የተለየ ክፍል) ተብሎ፣ እንደ መጀመሪያዎቹ ሰንሰለቶች በዚያው ኤ እና ቢ ስም ተቀምጧል። እኔ ደግሞ በባዮፓይተን (ለባዮሎጂ መረጃ በተሠራ የፓይተን ኮድ ስብስብ) የማነበው የመጀመሪያውን ሞዴል ብቻ። የሁለተኛውን ሰንሰለቶች ሲ እና ዲ ብዬ ወደ መጀመሪያው ጨመርኳቸው። ወዲያው ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ የአልፋው አስፓርቴት 94 እና የቤታው አስፓራጂን 102፣ ተያይዘው ብቅ አሉ። ደስ ሲል!