ከሰኞ ማክሰኞ ወደ ስሉስ ዝላይ፦ ጅማ ውስጥ ሴት ተማሪዎችን ማስጀመር

ስሉስ ዝላይ ሦስት ዝላዮች ተደምረው በአንድ ልኬት የሚመዘገቡበት ውድድር ነው፤ ጀማሪ ተማሪ ርቀት የምታጣው ግን በአብዛኛው በመካከለኛው ዝላይ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ሴት ተማሪዎችን ባሠለጠንሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በሁለተኛው ዝላይ ላይ ይቆያል። የተጻፈውም የመሮጫ መም ለሌላቸው፣ የሣር ሜዳና አንድ የአሸዋ ጉድጓድ ብቻ ላላቸው የስፖርት መምህራን ነው። በአገራችን ፈጣን ልጅ ስትገኝ ወዲያውኑ ወደ ሩጫ ትመራለች፤ ከእነዚህ ልጆች መካከል ለዝላይ የተፈጠሩ እንዳሉ አውቃለሁና፣ ሳይሞክሩት መቅረታቸው ይቆጨኛል።

ሕጉ አጭር ነው። ተወዳዳሪዋ ተንደርድራ ከመነሻው ጣውላ በአንድ እግሯ ትነሣለች፣ በዚያው እግሯ ታርፋለች፣ ቀጥላ በሌላው እግሯ ታርፋለች፣ ከዚያ ተነሥታ አሸዋው ውስጥ ትገባለች። በግራ ለምትነሣ ልጅ ቅደም ተከተሉ «ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ አሸዋ» ይሆናል። ይህን በቃል ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ያደገች ልጅ በአንድ እግር ተነሥቶ በዚያው እግር ማረፍን ቀድማ ታውቀዋለች። መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሥምሩና እንጣጥ እንጣጥ እያለች እንድትሄድ አድርጉ፤ መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ። የትኛው እግሯ እንደሚበረታ ያን ጊዜ ይለያል። ብርቱው እግር ሁለት ጊዜ ስለሚሠራ መነሻዋ እርሱ ይሁን።

ልምምዱ የሚካሄደው ሣር ላይ ብቻ ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ ሜዳውን ስለያዘብኝ ቸኩዬ በሲሚንቶ ወለል ላይ አስጀመርሁና አንዲት ተማሪ ተረከዟን ታምማ ሦስት ሳምንት ከልምምድ ራቀች፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በታላላቅ ውድድሮች የምናያቸው ሴቶች በማረፊያዎቹ ላይ ከሰውነታቸው ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል በአንድ እግራቸው ይቀበላሉ። ጀማሪዋ ያን ያህል ባይደርስባትም አጥንቷና ጅማቷ ገና አልለመዱም። የጅማ ክረምት ሜዳውን ስለሚያጨቀይ፣ ዝላዩን ከጥቅምት በኋላ ማስጀመርና በዝናቡ ወራት ቤት ውስጥ የእግርና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ ማሠራት ይሻላል። አሸዋው ዝናብ ከመታው በኋላ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ስለዚህ በየልምምዱ ፊት በአካፋ ይገልበጥ፣ ጠጠሩም ይለቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተማሪዋ ስትዘል እያንዳንዱን ማረፊያ በዓይን ያዙና በሜትር ለኩት። ለምሳሌ 8.90 ሜትር የዘለለች ልጅ አከፋፈሏ 3.50፣ 2.10 እና 3.30 ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ከሌሎቹ ከአንድ ሜትር በላይ አንሷል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፦ ልጅቱ ወደ ላይ አብዝታ ትነሣለች፣ ከከፍታ ስትወርድ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ፍጥነቷም እዚያው ይሞታል፤ ሁለተኛው ዝላይ ከመውደቅ ለመዳን የሚደረግ ሩጫ ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ ሁለተኛውን በኃይል ማዘዝ ሳይሆን የመጀመሪያውን ዝቅ ማድረግ ነው። ዝቅና ረዘም ብላ ትብረር፤ ደረቷ ቀጥ ይበል፤ የምታርፍበት እግር በሙሉ ውስጥ እግሩ መሬቱን ነክቶ ወደ ኋላ ይጥረገው። ከዚያ የሌላው እግር ጭን እስከ ወገብ ከፍ ብሎ ለአፍታ ይቆይ። ጀማሪዎች የሚቸግራቸው ይህ ቆይታ ነው፤ አየር ላይ መታገስን መማር አለባቸው።

ለዚህ የምጠቀምበት መሣሪያ የቡና ጆንያ ነው። አሮጌ ጆንያ በትንንሹ ቀድጄ በእኩል ርቀት፣ በመጀመሪያ በየሁለት ሜትሩ፣ ከሣሩ ጎን አስቀምጣለሁ። እግር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ያንሸራትታል። ተማሪዋ ሳትሮጥ፣ ከቆመችበት ተነሥታ ከሦስቱ ምልክቶች አጠገብ ታርፋለች። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው ኦሮምኛ ስለሚናገሩ ሁላችንም «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያልን እንቆጥራለን፤ ድምፁ በእኩል ልዩነት ከተሰማ ዝላዩ ተስተካክሏል፣ «ቶኮ… ለማሰዲ» ከሆነ ሁለተኛው አሁንም አጥሯል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንኳ ስሕተቱን በጆሮ ትለዩታላችሁ። የ8.90ዋ ልጅ አከፋፈሏ ወደ 3.20፣ 2.70 እና 3.20 ሲቀየር ድምሩ 9.10 ይሆናል፤ ጉልበት ሳይጨመር 20 ሴንቲ ሜትር ተገኘ ማለት ነው።

መንደርደሪያው ከስድስት እርምጃ ይጀምር። ቆጠራው ካልተበላሸ ብቻ ወደ ስምንት፣ ቀጥሎ ወደ አሥር ይደግ። በአንድ ልምምድ እግር መሬት የሚነካበት ብዛት ከ50 እንዳይበልጥ እቆጥራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች መነሻ ጣውላ ከአሸዋው 11 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ለጀማሪ ይህን መኮረጅ አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዝላዮች ድምር ለክታችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሩበት፣ ለብዙዎቹ ከ6 እስከ 7 ሜትር ይሆናል። የታላላቆቹን ቪዲዮ ግን በስልክ አሳዩአቸው። የቬኔዙዌላዋ ዩሊማር ሮሃስ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሊምፒክ 15.67 ሜትር ስትዘል፣ የዩክሬኗ ኢኔሳ ክራቬትስ በ1995 ጎተንበርግ ላይ ያስመዘገበችውን የ15.50 የዓለም ክብረ ወሰን ከ26 ዓመት በኋላ አሻሻለች፤ በ2022 ደግሞ ቤልግሬድ ላይ 15.74 አደረሰችው። የካሜሩኗ ፍራንሷዝ ምባንጎ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 ኦሊምፒክ ወርቅ መውሰዷን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ አፍሪካዊት ናትና። ቪዲዮው ሲታይ አሸዋው ላይ ያለውን ሳይሆን ሁለተኛውን ዝላይ አቁማችሁ የጭኑን ከፍታ አሳዩ።

የትምህርት ቤት ውድድር ስታዘጋጁ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ሻምፒዮና ይሠራበት የነበረውን ሥርዓት ተከተሉ። እያንዳንዷ ሦስት ሙከራ ይኖራታል፤ ምርጥ ስምንቱ ሦስት ይጨመርላቸዋል። ስድስተኛው ሙከራ የይስሙላ አይደለም፦ በ2023 የቡዳፔስት ዓለም ሻምፒዮና ላይ ሮሃስ እስከ አምስተኛው ሙከራ ከሜዳሊያ ውጭ ቆይታ በመጨረሻው 15.08 ዘልላ የዩክሬኗን ማሪና ቤክ ሮማንቹክን በ8 ሴንቲ ሜትር በለጠቻት። በዝላዩ መካከል ነጻው እግር መሬት ቢነካ ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ዳኞቻችን በዚህ ሙከራ ሲሰርዙ አይቻለሁና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሁለት ልጆች እኩል ከዘለሉ ሁለተኛው ምርጥ ዝላያቸው ይታያል፤ ስለዚህ አንደኛዋ ከታወቀች በኋላም ቢሆን የሁሉንም ሙከራ ጻፉ። ሜትሩ የሚዘረጋው አሸዋው ላይ ለመነሻው መስመር ከሚቀርበው አሻራ ነው፤ ልጅቱ ወደ ኋላ በእጇ ከተደገፈች የእጇ አሻራ ይለካል፣ አሸዋውም ልኬቱ ሳይጻፍ አይደለደልም።